አባቴ በማን ስም ይጠራ

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴም በእኔ ስም መጠራት ከጀመረ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ።

ይህን ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ የተወለድነው ከአምቦ ሽቅብ፣ ጎጆ ከተማ አጠገብ ነው፤ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ክረምት ሲገባ ሰው ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቦ የሚንቀጠቀጥበት አገር። እዚያ አንድ ሰው ከወለደ በኋላ በገዛ ስሙ የሚጠራው ቀበሌ ሲሄድ ብቻ ነው። ጎረቤቱም አማቹም ገበያተኛውም «አባ እንትና» ይለዋል፤ የእንትና አባት ለማለት ነው። እንትና ደግሞ የመጀመሪያው ልጅ ነው። ያ ልጅ ካልሞተ በቀር መጠሪያው አይነካም።

የመጀመሪያዋ ልጅ እኔ ነኝ። ሴት ስለሆንኩ «ወንድ እስኪመጣ ነው» ተብሎ ነበር አሉ። ወንድሜ በሁለት ዓመቱ መጣ። አንዳንዶች አባቴን በእሱ ስም ሊጠሩት ሞክረው ነበር፤ አልያዘም። ለምን እንዳልያዘ የጠየቀ የለም። እኔም እንደ ፀሐይ መውጣት ነው የቆጠርኩት። ሰው ከወንዝ ማዶ ሆኖ አባቴን ሲጣራ ስሜን እሰማለሁ። እኔ ቤት ውዬ ስሜ ገበያ ይውላል።

ከዚህ ሌላ የራሴ የምለው ብዙ ነገር አልነበረኝም። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ታመመች፤ ትንሿ እህቴ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ሰው ቤት መቅረት ነበረበት፤ ቀረሁ። እናታችን ካረፈች በኋላም እህቴን ያጠብኩ፣ ያበጠርኩ፣ ፊደል ያስቆጠርኩ እኔ ነኝ። እሷ ስታድግ እኔ አግብቼ አምቦ ወረድኩ፤ ከባለቤቴ ጋር ግቢያችን ውስጥ ሰርቢስ ቤቶች ሠርተን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማከራየት ጀመርን። ተከራይ ሲወጣ መጽሐፍ ጥሎ ከሄደ የእኔ ነው። ኬሚስትሪም ይሁን ልብ ወለድ፣ የከብት በሽታም ይሁን የአስተዳደር ሕግ፣ አነባለሁ። ትምህርቴ እሱ ነው።

እህቴ ዲግሪዋን ይዛ ሸነን ስታስተምር ቆየችና ማስተርሷን ልትማር አምቦ ገባች። የቅዳሜና እሑድ ተማሪ ናት። ዓርብ ከሰዓት ከሸነን በሚኒባስ ትመጣለች፣ እኔ ቤት ታርፋለች፣ ሰኞ ጠዋት በማለዳ ትመለሳለች። እንደሷ ከባኮ፣ ከጎጆ፣ ከጊንጪ የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የቀበሌ ሠራተኞች። ሁሉም ትልልቅ ሰዎች፣ ሁሉም ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ ውለው የሚመጡ ናቸው። የሚማሩበት ቀን እሑድ ሆኖ ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ እሑድ ዝግ ነበር።

እህቴን ያስነሳት ይሄ ነው። አንድ ዓርብ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «እታለም፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ካውንስል ፕሬዚዳንትነት ልወዳደር ነው» አለችኝ። እታለም የምትለኝ ከልጅነቷ ጀምሮ ነው፤ ማስተርስም ጀምራ አልተወችውም።

«ጎሽ» አልኩ። እውነቴን ነበር። ቀጥሎ ግን፣ «ካፖርትሽን አውሺኝ፣ ለፖስተር ፎቶ ልነሳ ነው» አለች፤ አወጣሁና ሰጠኋት። አረንጓዴ ካፖርት ነው፤ ጎጆ ስሄድ ለብርዱ የምለብሰው፤ አንገቱ ላይ ጥቁር ቬልቬት ያለው።

በማግስቱ ሽንኩርት ልገዛ ስወጣ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ማዶ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ግድግዳ ላይ እህቴ ተለጥፋለች። አገጯን ቀና አድርጋ፣ እጇን አጣምራ፣ በካፖርቴ። እኔና እሷ እንመሳሰላለን፤ ግንባራችንም ቅንድባችንም አንድ ነው። ሽንኩርት ሻጯ አንዴ ወረቀቱን አንዴ እኔን አየችና፣

«ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ? ተማሪ መሆንሽን እኮ አላውቅም!» አለች።

«እህቴ ናት።»

«እ… እህትሽ ናት?» አለችና ሽንኩርቱን ወደመመዘን ተመለሰች። እ ስትል ድምፅዋ እንዴት እንደወረደ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሱቁ «አንቺ ነሽ?» የሚለኝ በዛ። በየሱቁ አይደለሁም ማለት ደግሞ ሥራዬ ሆነ። ሰው አንድ ነገር አለመሆኑን በየቀኑ ሲናገር ይሰለቸዋል ብዬ ነበር፤ አይሰለችም፤ ያንገበግባል እንጂ።

የእህቴ ተፎካካሪ ደግሞ የእኔ ተከራይ ነበር። ባኮ የእርሻ ምርምር ላይ የሚሠራ፣ ሳቂታ፣ ወፍራም ሰውዬ፤ በየሳምንቱ በቆሎ እሸት ይዞልኝ ይመጣል። ቅዳሜ ማለዳ ፊቱን እየታጠበ ከቧንቧው ሥር በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ እመቤት እያለ ይጮኻል፦

«አካም ቡልቴ፣ አዴ! ኪራይ የሚከፍለው እጩ እኔ፣ በነጻ የምትኖረው እጩ እሷ! ይሄ ፍትሕ ነው?»

«አንተ ደግሞ ፖስተርህ የት አለ?»

«ካፖርት የሚያውሰኝ አጥቼ!» ብሎ ሳቀ። ቀጠለና በፎጣው ሥር አየኝ። «ምነው ፊትሽ? የተሸነፍሽው አንቺ ትመስያለሽ። ገና እኮ አልተመረጠም።»

«ሽንኩርት ልጬ ነው» አልኩት።

«ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት?»

እህቴን የሚረዷት ሰዎች ግቢያችን ውስጥ ነበር የሚሰበሰቡት። አስተባባሪዋ ከደቡብ የመጣች፣ ቀልጣፋ፣ ጥሩ ልጅ ናት፤ ትወደኛለች፣ እኔም እወዳታለሁ። የዚያን ቀን እነሱ በርጩማ ላይ ክብ ሠርተው ይመካከራሉ፣ እኔ ደጃፌ ላይ ምስር እለቅማለሁ። በሚመጣው ቅዳሜ በሚሆነው ንግግር ላይ እያንዳንዱ እጩ የሚመርቅለት ሽማግሌ ይዞ መምጣት ይችላል ተብሏል። እህቴ «አባቴን አመጣለሁ» አለች። ሁሉም ደስ አላቸው። አስተባባሪዋ ግን አንድ ነገር ጨመረች፦

«እንግዲያው መድረክ መሪው ዝም ብሎ ‹አባቷ› ብሎ አይጥራቸው። እዚህ አገር ‹አባ እንትና› ትሉ የለ? ‹አባ› ብሎ በእሷ ስም ይጥራቸው። ስሟ ሰው ጆሮ ውስጥ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ይገባል።»

«ጎበዝ!» አሉ።

እጄ ምስሩ ላይ ቆመ። «አባቴ በእሷ ስም አይጠራም» አልኩ።

«በማን ነው ታዲያ?»

«በእኔ።»

ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ክፋት የለባትም። «አንቺ ግን አልተወዳደርሽም እኮ» አለችኝ።

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ሰሃኑን አንስቼ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። እህቴ ተከተለችኝ።

«እታለም፣ የአምስት ደቂቃ ነገር ነው። አዳራሹ ውስጥ ብቻ።»

«ለአምስት ደቂቃ ልሙትልሽ?»

«ኧረ በማርያም! ማን ሙቺ አለሽ?»

«አባባ በሌላ ልጅ ስም ተጠራ ማለት አገራችን ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«የገጠር ነገር እኮ ነው! እዚያ ያሉት መራጮች ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ማን ያውቀዋል? ሰው ስሜን እንዲይዝ ነው የምፈልገው።»

አየኋት። ግንባሯ የእኔ፣ ካፖርቱ የእኔ፣ ስታወራ እጇን የምታወዛውዘው እንኳ እኔን አይታ ነው። ይሄ ሁሉ ይሁን። ግን እሷ የማስተርስ ትምህርት አላት፣ ደሞዝ አላት፣ ግድግዳ ሙሉ ፊቷ ተለጥፏል፤ ወንዶች በርጩማ ይዘው ዙሪያዋን ይቀመጣሉ። እኔ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱም አባቴን ከማዶ ሲጣሩ የሚሰማው ስሜ። አሁን ደግሞ እሱን ፈለገችው። እንደዚያ ቀን ቀንቼ አላውቅም።

«ራሱን ጠይቂው» አልኳት። አልጠየቀችውም።

አባቴ ዓርብ ዕለት ከጎጆ በአውቶቡስ መጣ፣ አንድ ማዳበሪያ ድንች ይዞ። እኔ ስዳር አምቦ አልመጣም፤ ቤት ሳስመርቅም አልመጣም፤ መንገዱ አይመችም፣ በጎቹን ማን ይጠብቃል እያለ። ለካውንስሉ መጣ። መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ በጎቹም ያው በጎች ናቸው። እግሩን አጠብኩት፤ ሙቅ ውኃው ውስጥ እያሸሁ፣ «ደህና መጣህ?» ስለው፣ «እህትሽ እውነትም ትልቅ ሰው ልትሆን ነው?» አለኝ። እግሩን ጠበቅ አድርጌ ይዤው ኖሮ፣ «ቀስ በይ ኢንተላኮ» አለ። ልጄ ማለቱ ነው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እኔ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ተማሪ ባልሆንም ያስገቡኛል፣ የእጩዋ እህት ነኝ። አባቴ ከፊት፣ ከእህቴ አጠገብ ነው፤ ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ በደንብ የተወለወለ ጫማ። መጀመሪያ የባኮው ሰውዬ ተናገረ፣ ሕዝቡን አሳቀ። ከዚያ እህቴ ቆመች። በዕለተ እሑድ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ቁጭ ብለው ስለሚያነቡ ሰዎች፣ መንገድ ተበላሽቶ ስላረፈዱ ቀሪ ስለሚባሉ ሰዎች ተናገረች። ወረቀት አልያዘችም። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ከፊቴ የተቀመጠች ነርስ «ይቺን ነው» አለች ለጓደኛዋ። ኩራቱ አንገቴ ድረስ መጣ፤ እዚያ ሲደርስ ቅናቱ ያዘውና ሁለቱም እዚያው ቆሙ።

መድረክ መሪው ከሌላ ክልል የመጣ፣ ድምፀ መልካም ልጅ ነው። ወረቀቱን አየና፣ «አሁን ደግሞ ምርቃት እንዲሰጡን አባ…» ብሎ የእህቴን ስም ጠራ።

አባቴ አልተነሳም። ወደ ኋላ ዞሮ አየ፤ የተጠራውን ሰው እየፈለገ። ልጁ ደግሞ ጠራ። አባቴ ወዲህም አየ፣ ወዲያም አየ። እህቴ ጎንበስ ብላ በጆሮው አንድ ነገር አለችውና ክንዱን ያዘች። ያኔ ተነሳ።

እጁን ዘርግቶ በኦሮምኛ መረቀ። «የወጣችሁት በሰላም ግቡ።» «ሃ ተኡ» አለ አዳራሹ፤ ይሁን እንደማለት። «የጀመራችሁትን ጨርሱ።» «ሃ ተኡ!» «የሚመረጠውም ይባረክ፣ የማይመረጠውም ይባረክ።» ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው የባኮው ሰውዬ ነበር። ከእኔ ሁለት ረድፍ ቀድመው የተቀመጡ የጎጆ መምህራን ግን አልሳቁም። አንዱ ወደ ሌላው ጠጋ ብሎ፣

«አባ ማን ነው ያለው?» አለ።

«የትንሿን።»

«ትልቋ ምን ሆነች?»

«እኔ እንጃ። አልሰማሁም።»

እኔ ከኋላቸው አለሁ።

አባቴ ከአዳራሽ መልስ ቤት ተቀምጦ ራሱ ያመጣው ድንች ተቀቅሎለት ይበላል፤ እህቴና ጓደኞቿ ግቢው ውስጥ ናቸው። በሩ ተንኳኳ፤ መንኳኳት ብቻ አይደለም፣ ለቅሶ ይሰማል። ከፈትኩት። የአገራችን ሴት ናት፤ አምቦ ገበያ ገብስ የምትሸጥ፣ ከእናቴ ጋር ማኅበር የነበረች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። የወንድሟ ልጅ ከእነዚያ መምህራን አንዱ ነው።

«ዋይ ልጄን! ዋይ ሳልቀብራት! እንዲህ ባዳ እንሁን?» እያለች ደረቴ ላይ ወደቀች።

«እትዬ፣ ማን ሞተ?»

«አንቺ!» አለች። ቀና ብላ አየችኝ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «አንቺ ነሽ?»

ሰሞኑን ሁሉ አይደለሁም ስል የከረምኩበት ጥያቄ ነው። በመጨረሻ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ለማለት በቃሁ።

ግቢው ሁሉ ሳቀ። ሴትየዋ ፊቴን በሁለት እጇ እየዳበሰች፣ «ታዲያ አባትሽን ለምን በእሷ ጠሩት? ሰው እንዲህ ይቀልዳል?» ትላለች። አስተባባሪዋ ነገሩ ሲገባት አፏን ይዛ ቀረች፤ እህቴ ግንባሯ ላብ አወጣ። የባኮው ሰውዬ ከክፍሉ ብቅ ብሎ፣ «አዴ፣ የተዝካሩ በግ ከእኔ ይሁን!» አለ። ሴትየዋን አስገብቼ ሻይ አፈላሁላት። የእኔን ለቅሶ ልትደርስ መጥታ የእኔን ሻይ ጠጣች።

እሷን ስሸኝ አባቴ ብቻውን ቀረ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ምነው አባባ፣ ዝም አልክ?»

«መቼ?»

«ሲጠሩህ።»

«ተነሳሁ አይደል እንዴ?»

«እሱን ነው የምልህ። ለምን ተነሳህ?»

የድንቹን ልጣጭ ሰሃኑ ጠርዝ ላይ ደረደረ። «ልጅ ክንዴን ይዛ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ልቀመጥባት?»

«እኔስ?»

«ጨው አቀብይኝ» አለ። አቀበልኩት።

እሑድ ምርጫው ተደረገ። እህቴ አሸነፈች፤ በሰፊ ልዩነት አሸነፈች። ከቆጠራው በኋላ ተማሪዎቹ ከበሩ ጀምረው እየዘፈኑ ግቢያችን ገቡ፤ አባቴን እየተሻሙ አቀፉት። «አባ…» በእህቴ ስም፤ «እንኳን ደስ አለዎት አባ…» በእህቴ ስም። የባኮው ሰውዬ እንኳ እየሳቀ በዚያው ስም ጠራው። አባቴ ለሁሉም እጅ ይሰጣል፤ አንዱንም አላረመም። እኔ ዳቦ እየቆረስኩ አድላለሁ። እህቴ መጥታ አቀፈችኝ፣ «እታለም አሸነፍን» አለች፣ ሳምኳት፤ ደስ ብሎኛል። ግን ቢላውን አስቀምጬ ስስማት፣ ዓይኔ ከትከሻዋ በላይ አባቴን ነበር የሚያየው።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘሁት። ወሬው እኛን ቀድሞ ደርሷል። የጎጆው አውቶቡስ ረዳት «አባ…» ብሎ በአዲሱ ስም ጠርቶ የፊት ወንበር ሰጠው። ተሳፋሪዎቹ የአገር ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ተጠያየቁ፣ ሁሉም ሰሙ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ገባኝ፤ የእህቴ አምስት ደቂቃ ጎጆ ልትገባ ነው። በቃ፣ ተወሰደ አልኩ። ሽንኩርት ሳልገዛ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ እህቴ በሥራ ተጠመደች። ከሁለት ወር በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ እሑድ ተከፈተ፤ ተከራዮቼ ሁሉ እሑድ ከግቢ ጠፉ፣ ግቢው ጭር አለ። ካፖርቴን አልመለሰችም። ስብሰባ ስትሄድ ትለብሰዋለች፤ እኔም አልጠየቅኋትም፤ አንዱን ከወሰድሽ ሌላውንም ውሰጂ የሚል እልህ ይዞኛል። ሰው እሷን ሲያመሰግንልኝ «አዎ፣ ጎበዝ ናት» እላለሁ፤ እውነት ነው፤ እያልኩም እቃጠላለሁ፤ እሱም እውነት ነው። ጎጆ ስደውል አባቴን ጎረቤት በማን ስም እንደሚጠራው አልጠየቅሁም። መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወንድሜ በግ ይዞ አምቦ ወረደ። ከእናታችን ሞት ወዲህ ከአባቴ ጋር የሚኖር እሱ ነው። በጎቹን ሸጦ ሲያበቃ ቤቴ መጣ፤ ፊቱ ደስ አይልም።

«እዚህ የጆሮ ሐኪም የትኛው ነው ጥሩ?» አለኝ።

«ምነው? ታመምክ?»

«አባባ ነው። ጆሮው ሊሄድ ነው መሰለኝ።»

ደነገጥኩ። «አይሰማም?»

«ቤት ውስጥ ይሰማል። በረዶ ከተራራው ማዶ ሲመጣ ከእኛ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ገበያ ላይ ነው የሚብስበት። ሰው ከኋላው ይጠራዋል፣ ይጠራዋል፣ እሱ መንገዱን ይቀጥላል። ሰዉ ተቀይሞታል፣ ልጁ ከተመረጠች ወዲህ ኮራ እያሉ።»

የያዝኩትን ኩባያ አስቀመጥኩ። «ምን ብለው ሲጠሩት ነው?»

«አሁን ሁሉም እንደሚለው ነዋ። ስለ ክብሩ ብለው በትንሿ ስም ነው የሚጠሩት፤ አባ… እያሉ። ከአምቦ ከተመለሰ ጀምሮ አንድም ቀን አልዞረም። ገበያተኛው፣ ጎረቤቱ፣ ቄሱ ሳይቀር ቢጠሩት አልዞረም። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ግን አንድ ሽማግሌ፣ ጆሮውን ልሞክረው ብለው፣ ከኋላው ቀስ ብለው፣ እንዲያውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በድሮው ጠሩት፤ በአንቺ ስም።»

«እሺ?»

«ቆመ። ዞረ። የተሸከመውን ገብስ መሬት አውርዶ ሰላም አላቸው።»